የሕመም ማስታገሻና የቆሰለ ነርቭ



የአንድ መቆጣጠሪያ ብቃት የሚመዘነው በሥራ ላይ ሳለ ብቻ ሳይሆን ከተነሣም በኋላ በሚተወው ውጤት ነው። ሞርፊንም በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይገባዋል።

ሞርፊን በኅብለ ሰረሰር ካሉት ተቀባዮች ጋር ሲጣበቅ በነርቮቹ ላይ የካልሲየም መግቢያዎች ይዘጋሉ፤ የፖታሲየም መውጫዎች ይከፈታሉ፤ የሕመሙም መልእክት ወደ አንጎል ሳይደርስ ይደክማል። ነርቭ ሲቆስል ግን ነገሩ ይወሳሰባል።

ቤኔትና ሺ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጡት የሙከራ ዘዴ፣ የአይጥን የጭን ነርቭ በአራት ክሮች ላላ አድርጎ ማሰር ነው። እንዲህ የተደረገ አይጥ መዳፉን ቀጭን ክር ሲነካው እንኳ እግሩን ይሰበስባል። እ.ኤ.አ. በ2016 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ነርቫቸው ከታሰረ 10 ቀን ለሆናቸው አይጦች ለ5 ቀናት ሞርፊን ተሰጠ። መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላ ሕመሙ፣ ሞርፊን ካልተሰጣቸው አይጦች ጋር ሲነጻጸር፣ እጥፍ ጊዜ ቆየ። በጉዳቱ የነቁት ማይክሮግሊያ የተባሉ ሕዋሳት በሞርፊኑ ይበልጥ ተነሣሥተው ነርቮቹን የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር አመንጭተዋልና። ይህ መንገድ ሲዘጋ የተራዘመው ሕመም ተወግዷል።

አይጥ ሰው አይደለም፤ ስለዚህም ይህ ውጤት በስቃይ ላይ ያለን በሽተኛ ማስታገሻ ለመንፈግ ምክንያት ሊሆን አይገባም። የሚያስተምረው ግን አለ፤ የዛሬው እፎይታ ሲለካ የነገውም ሕመም አብሮ ይለካ ዘንድ ግድ ነው።