ኢንሄለሩን መሳቢያ ውስጥ አትቆልፉት



ሰሞኑን እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ ባለው በእኛው ሰፈር ቡና ስንጠጣ አንዲት እናት አንድ ነገር ነገረችኝ። የሰባት ዓመት ልጇ አስም አለበት። «ነገሩ የአንጀት ባክቴሪያ ነው ሲሉኝ ኢንሄለሩን አስቀምጬ እርጎና ፕሮባዮቲክ ጀመርኩለት» አለች። ደነገጥኩ። እንደሷ የሚያደርጉ ብዙ ስላሉ ለሁላችሁም ልናገር።

የሰማችው ከመሬት የተነሣ ወሬ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 የታተመው የጅማ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ ከተማው ላይ እንደሚበዛ አሳይቷል። ቡታጅራ ላይ ደግሞ ከ2005 ጀምሮ ወደ 1,000 የሚጠጉ ልጆችን ከልደታቸው አንስተው ተከታተሉ። በሦስት ዓመታቸው ያን ሁላችንም የምናማርረው የጨጓራ ባክቴሪያ የተገኘባቸው ልጆች የቆዳ አለርጂያቸው ያነሰ ነበር። ደረታቸው ሲር ሲር በማለቱ ላይ ግን ያን ያህል ግልጽ ልዩነት አልታየም።

ካናዳ ውስጥ በ2015 የ319 ሕፃናት ጥናት ወጣ። ለአስም በተጋለጡት አንጀት ውስጥ በሦስተኛው ወር አራት ዓይነት ባክቴሪያዎች አንሰው ተገኙ። ዓመት ሲሞላቸው ልዩነቱ ደብዝዟል። እንግዲህ አስቡት፤ ወሳኝ የሚመስለው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ በእርጎ ወደዚያ አይመለስም።

እንጀራችንስ? እርሾው ምጣድ ላይ ይሞታል፣ አንዋሽ። የጤፉ አሰር ግን አንጀት ደርሶ ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ ይሆናል። እነሱ ከአሰር የሚሠሩት አሲድ የሳንባን አለርጂ ሲያበርድ የታየው በአይጦች ላይ ነው። ስለዚህ ብሉ፤ መድኃኒት ነው ግን አትበሉ።

ሳንባም ባዶ ቤት አይደለም። በአስም ታማሚዎች የአየር ቧንቧ ውስጥ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በዝተው ይገኛሉ። ይህን ሰምታችሁ ከአገር ቤት የመጣ አሞክሲሲሊን እንዳትሰጡ! የልጆችን አስም በብዛት የሚቀሰቅሰው የጉንፋን ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም፣ ጠቃሚውን የአንጀት ባክቴሪያ ግን ይጠርጋል።

በየቀኑ እንዲሳብ የታዘዘው ኢንሄለር ልጁ ደህና ሲመስልም ይሳባል፤ የሚያቆመው ሐኪሙ ብቻ ነው። ሲያፍነው የሚሳበው ከቦርሳው አይለይ። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ትንፋሽ አጥሮት መናገር ካቃተው ዘመድ ጋ አትደውሉ፤ 911 ደውሉ።