ቅርንፉድና የታመመ ጥርስ



በዝግ ዕቃ ውስጥ ግፊት ሲጨምር ምን እንደሚከተል ለመሐንዲስ ማስረዳት አያሻም። የጥርስ ሕመምም ጠባዩ ከዚሁ ይቀራረባል። በጥርስ መካከል ሐኪሞች ፐልፕ፣ ሕዝቡ ደግሞ የጥርስ ነርቭ የሚለው፣ የደም ሥርና ነርቭ ያለበት ለስላሳ ሥጋ ይገኛል። ቆዳ ሲቆጣ ያብጣል፤ ለእብጠቱም ቦታ አያጣም። ፐልፕ ግን ዙሪያውን በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ፣ መግቢያውም በሥሩ ጫፍ ያለ እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ስለሆነ ሲቆጣ መስፋፊያ የለውም። ግፊቱ ይጨምራል፤ የደም ዝውውሩ ይታወካል፤ በሽተኛውም ሲያቃስት ያድራል። በዚህ ጊዜ በብዙ ቤት ቀድሞ የሚፈለገው ቅርንፉድ ነው።

ይህ ልማድ መሠረት የሌለው አይደለም። የቅርንፉድ ዘይት አብዛኛው ክፍል ዩጂኖል የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ይኸውም የነርቭን ስሜት ያደነዝዛል፤ አንዳንድ ተሕዋስያንንም ይገታል። የጥርስ ሐኪሞች ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር እየለወሱ ለጊዜያዊ መሙያ አውለውታል። ዳሩ ግን መጠኑ ወሳኝ ነው። በጥርሱ ግድግዳ በኩል በጥቂቱ የሚሰርገው ዩጂኖል ሕመም ሲያስታግስ፣ በተጋለጠ ፐልፕ ላይ በቀጥታ የፈሰሰው ግን ሕዋሳትን ይጎዳል፤ ድድንም ያቃጥላል።

ከዕፅዋት የተገኘ ሌላ ባለውለታ ጉታፐርቻ ነው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚበቅል ዛፍ ወተት የሚሠራው ይህ ነገር፣ እ.ኤ.አ. በ1851 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል በባሕር ሥር የተዘረጋውን የቴሌግራፍ ሽቦ ከውኃ ጠብቋል። ዛሬም የጥርስ ሐኪም የተበላሸውን ፐልፕ አውጥቶ፣ የሥሩን ቦይ ካጸዳ በኋላ የሚደፍነው በዚሁ ነው። አገልግሎቱም መፈወስ ሳይሆን ተሕዋስያን ተመልሰው እንዳይገቡ መዝጋት ነው።

እንግዲህ አደጋው ያለው ማስታገሻን ከፈውስ በመቀላቀል ላይ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ብቻ ጠዝጥዞ ወዲያው የሚተወው ጥርስ፣ የበሰበሰው ክፍል በጊዜ ተጠርጎ ቢሞላ ፐልፑ ሊተርፍ ይችላል። ሕመሙ ሲቆይና ከእንቅልፍ ሲቀሰቅስ ግን ጉዳቱ ገፍቷል። ሲያሰቃይ የከረመ ጥርስ ሳይታከም በድንገት ዝም ቢል ፐልፑ ሞቶ ሊሆን ይችላል። የማስጠንቀቂያ ደወል ስለቆመ እሳቱ ጠፋ አይባልም። ተሕዋስያኑ ወደ መንጋጋ አጥንት ይዘልቃሉ፤ ፊት አብጦ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ነገሩ የሞት የሽረት ነው።

ይህ ጉዳይ ከከተማ ርቀው በመንገድና በግድብ ሥራ ካምፕ የሚሰነብቱትን አባላት በተለይ ይመለከታል። ሥራው እስኪያልቅ እየተባለ የሚዘገየው ቀን፣ በቀላሉ ሊተርፍ የሚችለውን ጥርስ ያሳጣል። ቅርንፉድ እስከ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ስንቅ ነው፤ ስንቅ ይዞ ከቤት የሚቀር መንገደኛ ግን የትም አይደርስም።