ሥራ በሌለበት ዘመን የሰው ውሎ



እ.ኤ.አ. በ1930 እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬይንስ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ሰው በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ ቢሠራ እንደሚበቃው ጽፎ ነበር። የእንጀራ ጥያቄ ሲፈታ የሰውን ልጅ የሚፈትነው የተረፈው ጊዜ እንደሚሆን ግን አልሸሸገም። ቀጠሮው ሊደርስ ጥቂት ዓመታት ቀርተውታል፤ መኪና የጸሐፊውንና የሒሳብ ሠራተኛውን ተግባር መካፈል ስለ ጀመረም ጥያቄው እንደገና ተነሥቷል።

በዚያው ወቅት ከቪየና አቅራቢያ በምትገኘው በማሪየንታል የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተዘግቶ፣ አብዛኛው መንደርተኛ ሥራ አጥ ሆነ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ኑሮውን አጥንተው በ1933 አሳተሙት። ሰው ጊዜ ካገኘ ያነባል የሚል ግምት ነበር። ይሁን እንጂ መጽሐፍ በነፃ እየተሰጠ ከቤተ መጻሕፍቱ የሚዋሰው መጽሐፍ ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ወንዶቹ በመንገድ ላይ በዝግታ እየተራመዱ በየጥቂቱ ይቆሙ ነበር፤ አብዛኞቹም ሰዓት አይዙም ነበር። ሴቶቹ በአንጻሩ የጓዳው ሥራ ስላልቀረላቸው ፋታ አልነበራቸውም። ቢሆንም ወደ ፋብሪካው መመለስን ይመኙ ነበር፤ ምክንያታቸውም ደመወዝ ብቻ አልነበረም።

እርግጥ ነው፣ በማሪየንታል ችግርና ረኃብም ስለ ነበረ ጥፋቱን ሁሉ በሥራ ማጣት ብቻ ማሳበብ አይገባም። ያሆዳ ግን በ1982 ባሳተመችው መጽሐፍ ሥራ ከደመወዙ በተጨማሪ ለቀኑ ሥርዓት፣ ከቤተሰብ ውጭ የሰው ግንኙነት፣ የጋራ ዓላማ፣ ማዕረግና የዘወትር ተግባር እንደሚሰጥ አስረድታለች። በ2020 የኦስትሪያ የሥራ አገናኝ መሥሪያ ቤት በዚያው ቀበሌ ለረዥም ጊዜ ሥራ ላጡ ነዋሪዎች ደመወዝ ያለው ሥራ የማቅረብ ሙከራ ሲጀምር፣ የሰዎቹ ገቢ ብቻ ሳይሆን የቀን ውሏቸውና ማኅበራዊ ኑሯቸውም መሻሻሉ ተመዘገበ። ዳሩ ግን መልሱ ያው ሥራ ስለሆነ፣ ሥራው ጨርሶ ለሚታጣበት ዘመን መፍትሔ አይሆንም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳዊ ገበሬ በወርኃዊው በዓል ሞፈርና ቀንበሩን ሰቅሎ ይውላል። እንጀራው በሌሎቹ ቀናት የተሠራ መሆኑ ባይዘነጋም፣ ቀኑ ባዶ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ይሳማል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ማኅበሩም ተራ በደረሰው ሰው ቤት ይጠጣል። ከማኅበሩ የቀረ ሰው ቢኖር ደግሞ ለምን እንደቀረ ይጠየቃል።