ሰዓቱ በዳገቱ ጫፍ ይቁም
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የእንጦጦ የቢስክሌት ጉዞ አዘጋጅ ኮሚቴ ዛሬ በፊታችሁ የቀረበው ሁለት ጉዳይ ይዞ ነው። አንደኛው፥ ለጉዞው የተመዘገበ ሁሉ ከአሁን ጀምሮ እንዴት መሰናዳት እንደሚገባው ለመናገር ነው። ሁለተኛው፥ እኛን የኮሚቴውን አባሎች ሳይቀር ያከራከረንን አንድ ደንብ አቅርበን ድምፃችሁን ለመጠየቅ ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ ሰዓት የሚያዘው ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ዳገቱን ስንወጣ ብቻ ይሆናል፤ ስንወርድ ሰዓት አይያዝም፥ ማንም ማንንም አይቀድምም። «ታዲያ ይህ ምኑን ውድድር ሆነ?» የሚሉ ጓደኞች አሉ። እንዲያውም አንደኛው «የማኅበር ጉዞ አስመሰላችሁት» ብሎናል። ሳቅንለት፤ መልሱ ግን በሳቅ የሚታለፍ አይደለም።

አስቀድመን ስለ ዳገቱ እንናገር። የተራራ ግልቢያ ከሚወዱ አማተሮች ዘንድ ስማቸው ከገነነ ጉዞዎች አንዱ በፈረንሳይ የአልፕስ ተራሮች ላይ የሚደረገው ላ ማርሞት ነው። የተጀመረው በ1982 ነው፤ እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የታወቀው መንገዱ 174 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ዳገቱ ሁሉ ሲደመር 5,000 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ግላንዶንን፥ ቴሌግራፍንና ጋሊቢየርን ተሻግሮ በመጨረሻ 21 እጥፋት ባለው በአልፕ ዱዌዝ ዳገት ያበቃል። ከእነዚህ ሁሉ ከፍተኛው ጋሊቢየር 2,642 ሜትር ነው። ከባሕር ጠረፍ የመጣ ጋላቢ እዚያ ሲደርስ ትንፋሹ ያጥረዋል። እኛ የተቀመጥንበት ስድስት ኪሎ ግን ከጋሊቢየር የሚያንሰው በጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው፤ እንጦጦ ማርያም ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ስለሚጠጋ ይበልጠዋል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሰባ ከመቶ ያህል ነው። የአዲስ አበባና የደብረ ብርሃን ልጆች ለዚህ የተወለዳችሁ ናችሁ፤ ከድሬዳዋና ከጋምቤላ የመጣችሁ አዲስ ተማሪዎች ግን ሳንባችሁን ሳታስለምዱ ከእነርሱ ጋር እሽቅድምድም አትግጠሙ። ልባችሁ ቀድሞ የታመመ ወይም አስም ያለባችሁ ከሆነ ደግሞ ከመመዝገባችሁ በፊት ሐኪም ይያችሁ። በፈረንሳይ ለብዙ ዓመታት የሐኪም ወረቀት ያላቀረበ ሰው ወደዚህ ዓይነቱ ውድድር አይገባም ነበር።

ልምምዱ ስምንት ሳምንት ይበቃዋል ብለን ገምተናል። በሳምንት ሦስት ቀን መጋለብ፥ ከሦስቱ አንዱን ረዘም ማድረግ፥ በየሳምንቱም ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ መሄድ ነው። ለፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት የለመድን ሰዎች ይህንንም በመጨረሻው ሳምንት ለመወጣት እንደምናስብ ይታወቃል፤ እግር ግን እንደ ማስታወሻ ደብተር በአንድ ሌሊት አይገለጥም። በዳገት ላይ ከባድ ማርሽ ይዞ ኮርቻውን ለቆ መታገል ለተመልካች ያምራል፥ ጉልበትን ግን ይጨርሳል። ቀላሉን ማርሽ ይዞ፥ ተቀምጦ፥ እግርን ቶሎ ቶሎ ማዞር ይሻላል። መናገር እስኪያቅት ድረስ ከታች መሮጥም አያስፈልግም፤ በሽሮ ሜዳ የሸማ ሱቆች ፊት ለፊት እንደ ጥይት ያለፈ ሰው ብዙውን ጊዜ ከላይኛው ኩርባ ላይ ቢስክሌቱን እየገፋ ይገኛል። ምግብን በተመለከተ አጭር ነን፤ ከመራብ በፊት መብላት፥ ከመጠማት በፊት መጠጣት ነው። በውኃ የተበጠበጠ በሶ፥ ዳቦ ቆሎና ሙዝ ከውጭ አገር ከሚመጣው የታሸገ ነገር በዋጋም በጥቅምም ይሻሉናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የዳገት ቅጣቱ ድካም ነው፤ ደካማውም ወርዶ ይገፋል። ቁልቁለት ግን ሌላ ሂሳብ አለው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው አንድ ነገር አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት በዚያች ሴኮንድ 8 ሜትር ያህል ተጉዟል፤ ፍሬኑ ደኅና፥ አስፋልቱም ደረቅ ከሆነ ከዚያ በኋላ 9 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ፍጥነቱን ወደ 60 ቢያደርሰው በሴኮንዷ 17 ሜትር ይጓዛል፤ መቆሚያው ግን ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ሆኖ 35 ሜትር ይደርሳል። የፊዚክስ መምህሮቻችን እዚህ ስላሉ ሂሳቡን ያርሙን፤ የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነት ስኩዌር ጋር እንደሚያድግ ያስተማሩን እነርሱ ናቸው። ይህም በሜዳ ላይ ነው፤ በቁልቁለት ርቀቱ ከዚህ ይረዝማል።

«ቁልቁለት መውረድም ችሎታ ነው፥ ለምን አይፈተንም?» የሚለው ክርክር ጠንካራ መሆኑን አንክድም። ችሎታ ነው። ነገር ግን ያ ችሎታ ያላቸው፥ መንገዱ የተዘጋላቸው፥ ሐኪም በመኪና የሚከተላቸው ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው እንመልከት። ፋቢዮ ካዛርቴሊ በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ የመንገድ ውድድር ወርቅ ያገኘ ኢጣሊያዊ ነበር፤ በ1995 በቱር ደ ፍራንስ የፖርቴ ዳስፔን ቁልቁለት ሲወርድ ወድቆ ሞተ። ዕድሜው 24 ነበር፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያን ዕድሜ የሚጠጉ ብዙ ናቸው። ስዊሳዊው ጂኖ ሜደር በ2023 በአገሩ ውድድር በአልቡላ ቁልቁለት ላይ ከመንገድ ወጥቶ ሕይወቱ አለፈ። ካዛኩ አንድሬይ ኪቪሌቭ በ2003 በፓሪ ኒስ ውድድር የራስ ቁር ሳያደርግ ወድቆ ከሞተ በኋላ ነው ዓለም አቀፉ የቢስክሌት ማኅበር በዚያው ዓመት የራስ ቁርን ግዴታ ያደረገው። ከዚያ በፊት ጋላቢዎቹ ራሳቸው ይሞቃል፥ ይከብዳል እያሉ ይቃወሙት ነበር። የላ ማርሞት አዘጋጆችም የግላንዶንን ቁልቁለት ከሰዓት ቆጠራ አውጥተውታል፤ ማንም እዚያ ላይ በመፍጠን ደረጃውን ማሻሻል እንዳይችል አደረጉ። ያም ሆኖ ጉዞው እስከ ዛሬ በብዙ ሺህ ሰው ይፈለጋል። እንግዲህ የማኅበር ጉዞ የተባለው ይህ ከሆነ እኛም በዚያ ማኅበር እንግባ።

የእኛ መንገድ ደግሞ አይዘጋልንም። ሚኒባሱ ተሳፋሪ ባየበት ይቆማል፤ አህያው እንጨት ተጭኖ ይወርዳል። ከሁሉም በላይ የምንለምናችሁ ግን ስለ እነዚያ ከእንጦጦ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው ስለሚወርዱ እናቶች ነው። ሸክሙ ከትከሻቸው ወርዶ መንገዱን በስፋት ይይዛል፤ አንገታቸውን አዙረው ከኋላ የሚመጣውን ማየት አይችሉም። ደወል ብትደውሉላቸው ደንግጠው ወደየት እንደሚሉ አይታወቅም። ስለዚህ እነርሱ ባሉበት ፍጥነታችን የእግረኛ ይሁን፥ ራቅ ብለንም እንለፍ። እኛ ለመዝናናት በወጣንበት መንገድ እነርሱ እንጀራቸውን ይፈልጉበታል። ለአንድ ደቂቃ ሰዓት ብሎ ከእነርሱ አንዷን የጣለ ተማሪ ምን ብሎ ወደ ክፍል እንደሚመለስ እኛ አናውቅም።

አወራረዱ እንዲህ እንዲሆን አስበናል። አምስት አምስት ሆነን፥ አንድ የለመደ ሰው እየመራን፥ በመካከላችን ሰፊ ርቀት ትተን፥ ቀኙን ይዘን እንወርዳለን። ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ሳይደርስ ነው፤ ኩርባው ውስጥ ገብቶ ፍሬን የሚጨብጥ ሰው ጎማው ይንሸራተትበታል። የፊተኛውም የኋለኛውም ፍሬን አብረው ይያዙ፤ የፊተኛው ይበልጥ ያቆማል፥ በድንገት ከተጨበጠ ግን ባለቤቱን በመሪው ላይ አሳልፎ ይጥለዋል። ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ሳይለቁ መጎተትም መጥፎ ነው፤ ቸርኬው ግሎ የውስጥ ጎማውን ሊያፈነዳው ይችላል፤ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ። ዓይናችሁ የምትወጡበትን የኩርባ ጫፍ እንጂ ገደሉን አይመልከት። አስፋልቱ እርጥብ ከሆነ ወይም ዝናብ ከጀመረ ጉዞው ሽሮ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ላብ ይዞ መውረድ ብርዱ ጣትን ስለሚያደነዝዝ ፍሬን መያዝም ያስቸግራል። የድሮ ጋላቢዎች ተራራው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ጋዜጣ ተቀብለው ከሹራባቸው ሥር ደረታቸው ላይ ያደርጉ ነበር፤ ነፋስ በደንብ ይከለክላል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ሳይሸጥ የቀረ ቅጂ ካላቸው እንጦጦ ላይ ጥሩ ገበያ ያገኛሉ።

አገራችን በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከተሰለፉላት መካከል ቢስክሌተኞች ነበሩ፤ ጽጋቡ ግርማይም በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከመካከላችን ለዚያ የሚበቃ ካለ ዳገቱ ይለየዋል፤ በዳገት የሚሰጠውን ሰዓት ማንም አይነፍገውም።

የቢስክሌት ምርመራ የሚደረገው ከጉዞው በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አብዛኞቻችን በኪራይና በውሰት እንደምንጋልብ ስለምናውቅ ጠንከር እንላለን። የፊቱን ፍሬን ይዛችሁ ቢስክሌቱን ወደ ፊት ስትገፉት የኋላው ጎማ ካልተነሣ፥ ወይም የፍሬኑ እጀታ መሪውን እስኪነካ ከተጨበጠ አያልፍም። ላስቲኩ ያለቀ፥ ጎማው የተሰነጠቀ፥ ካቴናው የላላም እንዲሁ። የራስ ቁሩ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ አንድ ጊዜ የተጋጨ ቁር ከውጭ ደኅና ቢመስልም ውስጡ ተጨፍልቋልና አንቀበለውም። ቁር የሌላችሁ ዛሬ ስማችሁን ለጸሐፊው ስጡ፥ በአንድነት ለመዋስ እንሞክራለን። መፍቻና የጎማ መንፊያ ያላችሁም ይዛችሁ ኑ፥ ኮሚቴው ያለው አንድ ብቻ ነው።

በደንቡ ላይ ድምፅ የሚሰጠው አሁን ነው። ሰዓቱ እንጦጦ ማርያም ላይ ይቁም የምትሉ እጃችሁን አውጡ፤ ጸሐፊው ቆጥሮ እስኪጨርስም አታውርዱ።