ስለ ቤት ኪራይ አዋጅና ስለ ሰፈራችን ሥራ

(የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላችን በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት ይጠቅማል በማለት በሰሌዳው ላይ ለጥፈነዋል።)



ከሁሉ አስቀድሜ ዕድሩ ከራሱ ጉዳይ ላይ ቀንሶ ይህን ጊዜ ስለሰጠኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 እንደሚለው መራጩ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሣው ይችላል። ስለሆነም እዚህ ቆሜ መናገሬ ውለታ አይደለም፤ ዕዳዬ ነው።

ስለ አገራችን ጉዳይ ብዙ ማንሣት ይቻል ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከእናንተ መካከል ለእሱ ቦንድ ያልገዛ ጥቂት ነው። የውጭ ምንዛሪውም ነገር አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ይህ በዘይቱም በስኳሩም ላይ ምን እንዳመጣ እናንተው ታውቁታላችሁ። ነገር ግን በደብዳቤም፣ በመንገድም፣ ለቅሶ ቤትም ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ አንድ ጉዳይ ነው፤ እሱም የቤት ኪራይ ነው። ስለዚህ ዛሬ በእሱ ላይ ላተኩር።

የኪራይ ጉዳይ በከተማችን አዲስ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ዝቅተኛ ኪራይ የሚከፍለውን ሰው ኪራይ ቀንሶለት ነበር። የቀበሌ ቤት የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬ ግን አብዛኛው ተከራይ ከግለሰብ የተከራየ ነው። የሚከራየውም እንዴት ነው? ደላላ ያገናኛል፣ በቃል ይስማማሉ፣ ቁልፍ ይቀበላል፤ አለቀ። ጠብ ሲመጣ ማን ምን እንዳለ የሚመሰክር ወረቀት የለም።

ምክር ቤቱ በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ይህን ለማስተካከል የወጣ ነው። ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች እነሆ፦

አንደኛ፣ ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ በ30 ቀን ውስጥም ተረጋግጦ ይመዘገባል።
ሁለተኛ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም።
ሦስተኛ፣ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም።
አራተኛ፣ ኪራይ የሚጨመረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ነው።
አምስተኛ፣ ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው።

በአዲስ አበባ ምዝገባው በዚያው ዓመት በየወረዳው ተጀምሯል። ታዲያ ሕጉ ካለ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ችግሩ ብዙ ሰው ወደ ምዝገባው አለመሄዱ ነው።

ሁለት ነገር ላስታውሳችሁ። በዚሁ በሰፈራችን ልጆቻቸው ትምህርት ላይ እያሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ልቀቁ የተባሉ ቤተሰብ ነበሩ። ወረዳ ሄዱ፤ ወረዳው ውላችሁን አምጡ አላቸው። ውል አልነበራቸውም። ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ወጡ። በሌላ በኩል ደግሞ ጡረታቸው አልበቃ ብሎ ሰርቪስ ቤታቸውን ያከራዩ እናት አሉ። ተከራያቸው የወራት ኪራይና የመብራት ሒሳብ ሳይከፍል በሌሊት ጠፋ። እሳቸውም ቢሆኑ የሚከሱበት ወረቀት አልነበራቸውም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ወረቀቱ አለመኖሩ የጎዳው ተከራይን ብቻ አይደለም።

ተከራዩ የሚፈራው፣ ውል እንጻፍ ብል ቤቱን ልቀቅ ይለኛል ብሎ ነው። አከራዩ የሚፈራው ግብር ነው። ደግሞም ዋጋ ጨምሬ ካላከራየሁ ኑሮ ጨመረ፣ ቆርቆሮውን በምን አድሳለሁ ይላል። ቁጥጥሩ ቢጠና ባለቤቶች ቤታቸውን ከማከራየት ይሸሻሉ የሚል ሥጋትም በሰፊው ተነሥቷል። ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም። የኪራይ ቤት ካልበዛ ሕግ ብቻውን ኪራይ አያረክስም። በእኔ እምነት ግን ሰው ነገ የት እንደሚያድር ሳያውቅ ከሚኖር፣ የሁለት ዓመት ዕረፍት ማግኘቱ ይበልጣል። አከራዩም በየጊዜው አዲስ ተከራይ ከመፈለግና ለደላላ ከመክፈል ይድናል።

አሁን ማን ምን ይሥራ ወደሚለው ልለፍ። የእኔ ድርሻ ሕግ ማውጣት፣ በጀት ማጽደቅና አፈጻጸሙን መጠየቅ ነው። ወረዳውን ማዘዝ አልችልም፤ እችላለሁ ብዬም አላታልላችሁም። ምዝገባው የከተማው የቤቶች ልማትና አስተዳደር ሥራ ነው። ለመጠየቅ ግን በእጄ ማስረጃ ሊኖር ይገባል። ኑሮ ከብዷል ብል አዎ ከብዷል ተብሎ ይታለፋል። በእንዲህ ያለ ቀን ለመመዝገብ የሄደ ሰው ያለ ምክንያት ተመልሷል ብል ግን መልስ የሚሰጥ ኃላፊ ይኖራል።

ስለዚህ ከዕድሩ ሊቀ መንበርና ከጸሐፊው ጋር የተስማማነው ይህ ነው። የዕድር ክፍያ በሚሰበሰብበት እሑድ፣ ከክፍያው በኋላ ሦስት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ አንድ ከአከራይ፣ አንድ ከተከራይ፣ አንድ መጻፍ የሚችል ወጣት። የውሉን ቅጽ ከወረዳው አምጥተው ማንበብ ለማይችሉ ያነቡላቸዋል፤ ሁለቱም ወገን ሳይጨቃጨቁ እንዲሞሉ ይረዷቸዋል። ወረዳ ሄዶ የተጉላላም ቀኑንና የተሰጠውን መልስ በዕድሩ መዝገብ ላይ ያጽፋል። ያን መዝገብ ይዤ እጠይቃለሁ፤ የተሰጠኝንም መልስ እዚሁ ሰሌዳ ላይ አስለጥፋለሁ።

ሌላው አጭር ነው። ክረምት ሳይገባ የውኃ መውረጃ ቦዩን መጥረግ አለብን። ወጣቶቹ አካፋና ዶማ ይዘው ለመውጣት ቃል ገብተዋል። ቆሻሻ ቦይ ውስጥ የሚጥል ሰው ግን ጎርፉን ወደ ጎረቤቱ ቤት እየላከ መሆኑን ይወቅ። ጣራቸው የሚያፈሱ አቅመ ደካሞችም ከዝናቡ በፊት ተለይተው ይመዝገቡ።

ወገኖቼ፤ አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል። ዕድራችን እስከ ዛሬ የቆመው የከፈለውና ያልከፈለው፣ የመጣውና የቀረው በመዝገብ ስለተያዘ ነው። ለቀብራችን መዝገብ ያበጀን ሰዎች ለምንኖርበት ቤት ውል መጻፍ አያቅተንም። አከራዮች፣ ውል ጻፉ ሲሏችሁ አትቆጡ። ተከራዮች፣ ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ኪራያችሁንም በቀኑ ክፈሉ። አደራዬ ይኸው ነው።