መከላከልና መንገድ መስጠት
(በሬዲዮ ከተነገረው)



ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በክረምት የሚወርድ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ድልድይ ጎርፉን አይገታውም፤ ማለፊያ እየሰጠው በግንቡ ጸንቶ ይቆማል እንጂ። በሰንጠረዥ ጨዋታም መልካም መከላከል እንደዚሁ ነው።

በጥንቱ የአገራችን ሰንጠረዥ የጨዋታው መጀመሪያ «ወረራ» ይባል ነበር። አንዱ የሌላውን እስኪማርክ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እየተሽቀዳደሙ ሠራዊታቸውን ያሰልፉ ነበር። «ፊል» የተባለውም መደቆች ቢከብቡት ዘሎ ይወጣል።

በአውሮጳው ቼዝ ግን የፊልን ቦታ የያዘው፣ እንግሊዞች «ጳጳስ» የሚሉት፣ መዝለል አይችልም። ስለዚህ «የፈረንሳይ መከላከል» በሚባለው አከፋፈት፣ ጥቁሩ ከንጉሡ ፊት የቆመውን ወታደር አንድ ቤት ብቻ ሲያራምድ፣ ግንቡ ይጠነክራል፤ አንዱ ጳጳስ ግን ከራሱ ግንብ በስተኋላ ይታሰራል። ይህ አከፋፈት ስሙን ያገኘው የፓሪስ ተጫዋቾች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1834 ዓ.ም. ከለንደን ጋር በደብዳቤ በጀመሩት ግጥሚያ ነው። ለንደኖች በሦስተኛው እርምጃ ወታደር በወታደር ቢለውጡ፣ ለታሰረው ጳጳስ መንገድ ተከፈተለት፤ ድሉም የፓሪስ ሆነ።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የምትገኙ ወገኖቼ ሆይ፤ ስሕተትን ፈርቶ መዝገቡን በመሳቢያ የሚቆልፍ ሹም ራሱን የጠበቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ባለጉዳዩን ብቻ ሳይሆን የገዛ ባልደረባውንም አስሯል። ደንቡን አጽንታችሁ ጠብቁ፤ ለሚገባው ግን መንገድ ስጡ።