ሕያው ማዳበሪያ በባሌ ደጋ፤ ከማምረቻው እስከ ባቄላው ሥር



መሐንዲስ ስለ ማዳበሪያ ሲጠየቅ በቅድሚያ የሚያስበው ክብደቱን፣ መጋዘኑንና የማጓጓዣውን ዋጋ ነው። የዩሪያ ከረጢት ከርጥበት እስከ ተጠበቀ ድረስ ቢከርምም ዩሪያነቱን አይለቅም። በባሌ ደጋ ከባቄላና ከአተር ዘር ጋር የሚታሸው ሕያው ማዳበሪያ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በውስጡ ያለው ነፍስ ያለው ባክቴሪያ ነው፤ ባክቴሪያው ከሞተ በገበሬው እጅ የሚቀረው ጥቁር ዱቄት ብቻ ነው።

የነገሩ መሠረት ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት ጥራጥሬ በሥሩ እባጮች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን እንደሚያገኝ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አስረዱ። በ1888 የኔዘርላንዱ ቤየሪንክ ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣ። ከአየር ውስጥ 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ይህንኑ ናይትሮጅን ለማዳበሪያ ለማዋል ፋብሪካ ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና በመቶዎች የሚቈጠር የከባቢ አየር ግፊት ይጠይቃል፤ ባክቴሪያው ግን ከባቄላው ስኳር እየተቀበለ ሥራውን በጐባ ቅዝቃዜ ውስጥ ያከናውናል።

ሮቤና አካባቢዋ የስንዴ አገር ናቸው። በበልግም በመኸርም ስንዴ በስንዴ ላይ ሲዘራ መሬቱ ይደክማል፤ በሽታና አረምም ይበረታል። ስለዚህ ባቄላ፣ አተርና ምስር የሰብል ፈረቃ ናቸው። ሦስቱንም የሚያገለግለው አንድ የራይዞቢየም ዝርያ መሆኑ ሥራውን ያቀልላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመው የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል በነዚህ ሰብሎች ላይ ሲሠራ ቆይቷል። በአገር ውስጥም መናገሻ ባዮቴክ ሕያው ማዳበሪያን እያመረተ በትንንሽ ከረጢት አሽጎ ያቀርባል።

ይሁን እንጂ ከረጢቱ ማሳ እስኪደርስ ሦስት ፈተናዎች ይጠብቁታል።

የመጀመሪያው መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በሻሸመኔ በኩል የሚሄደው መኪና በመጀመሪያ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሙቀት ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዶዶላና አዳባ የሚወጣው። በሸራ ሥር በፀሐይ የዋለ ጭነት ደጋው ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል። ሮቤ ቀዝቃዛ ናት፤ የቆርቆሮ መጋዘን ግን በቀትር አይቀዘቅዝም።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። ባቄላ ለረጅም ዘመን በተዘራበት መሬት ነባር ባክቴሪያ አለ። እንግዳው ከነባሩ ጋር ተሻምቶ ሥር ውስጥ መግባት ይኖርበታል። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ወይም ፎስፎረስ ካነሰው ብርቱው ባክቴሪያ እንኳ አይረዳም። ዩሪያ የበዛበት ባቄላም እባጭ ለማብቀል አይተጋም።

ሦስተኛው እጅ ነው። ዘሩ በጥላ ሥር፣ በጥቂት የስኳር ውኃ ርሶ ይታሻል፤ ወዲያውኑም በርጥብ አፈር ይሸፈናል። በፀረ ሻጋታ መድኃኒት የታሸ ዘር ባክቴሪያውን ይጎዳል።

በነዚህ በአንዱ የተሰናከለ ገበሬ መንገዱን ወይም መጋዘኑን አይወቅስም፤ «ዱቄቱ አይሠራም» ብሎ ወደ ስንዴው ይመለሳል። በአንድ መኸር የጠፋ አመኔታ በብዙ መኸር አይመለስም። ጉዳቱም የአንድ ከረጢት ዋጋ ብቻ አይሆንም፤ መሬቱ ፈረቃውን ያጣል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በየወረዳው ለክትባት የሚሠራበት የቅዝቃዜ ሰንሰለት ለዚህም አርአያ ይሆናል፤ ጭነቱ በሌሊት ይጓዝ፣ በየማደሪያው ሙቀቱ ይመዝገብ፣ በከረጢቱ ላይ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን በጉልህ ይጻፍ። ከመሰራጨቱ በፊትም ናሙና ተወስዶ ሕያው ባክቴሪያው ይቈጠር።

በማሳውም ማስረጃ ይኑር። ገበሬው አንድ ጠባብ ትልም ያልታሸ ዘር ይዝራበት። ባቄላው ሲያብብ ከሁለቱም ወገን ጥቂት ተክል በጥንቃቄ ነቅሎ እባጩን ይሰንጥቅ። ውስጡ ቀላ ያለ ሐምራዊ ከሆነ ባክቴሪያው በሥራ ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራ የለም። ሁለቱ ወገኖች እኩል ቀይ ከሆኑ ነባሩ ባክቴሪያ በቂ ሊሆን ይችላልና ገበሬው ገንዘቡን ለፎስፎረስ ወይም ለኖራ ቢያውለው ይሻላል።

ስለዚህ ከመሐንዲሱ የሚጠበቀው አዲስ ባክቴሪያ መፍጠር አይደለም፤ የተፈጠረው በሕይወት እንዲደርስ ማድረግ ነው። የመጋዘን ጣሪያ የሚነድፍ፣ ጭነት የሚያቀናጅ፣ ጥራት የሚቈጣጠር ባለሙያ ሁሉ በባሌ ባቄላ ላይ ድርሻ አለው።